ፒኤችዲ ከዋርድ ያስወጣኛል ወይ ለሚለው

ሲስተር፣ «ማስተርሴን ጨርሼ አሁንም ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ነው ያለሁት፤ ፒኤችዲ ብጀምር ለበሽተኛው ይጠቅማል ወይስ ከአልጋው ያርቀኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ባሕር ዳር በነርስነት ዲውቲ (የሥራ ተራ) እየገባሁ ስለተማርኩ የሚታየኝን ልንገርሽ።

ካልተጠነቀቅሽ ያርቅሻል። ትምህርቱ የተቀረፀው ለመምህርና ለተመራማሪ ነው። እኔ ስጨርስ ሆስፒታሌ ዶክትሬት ላላት ነርስ የሚሆን የሥራ መደብ አልነበረውም፤ «መቼ ነው ወደ ማስተማር የምትሄጂው?» ያላለኝ የለም።

አሜሪካኖች ለዚህ ዲኤንፒ የሚባል የክሊኒክ ዶክትሬት አላቸው። የነርሲንግ ኮሌጆቻቸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ሲደግፈው እስከ 2015 የአድቫንስድ ነርሶች (ከፍ ያለ የክሊኒክ ሥራ የሚሠሩ ነርሶች) የመግቢያ ዲግሪ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ ቀኑ አለፈ፣ ማስተርሱም አልቀረም። ስሙን ባንቀዳም ግድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1000 ሰዓት የተግባር ልምምድ የሚለውን ግን ብንወስድ ደስ ይለኛል።

ዋናው ነገር ጥያቄሽ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የእኔ ከቤድሶር (ሳይገላበጡ ብዙ በመተኛት ከሚመጣ ቁስል) መጣ። ቻርቱ ላይ በየሁለት ሰዓቱ «ተገላብጧል» ተብሎ ተፈርሟል፤ የሌሊቱ ፊርማ ሁሉ ግን ባንድ እስክሪብቶ ባንዴ የተደረደረ ነው። በሽተኛውን የሚያገላብጡት ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው የመጡ አስታማሚዎች ናቸው። ያሳያቸው ስለሌለ ብብቱን ይዘው ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ አንሶላው ቆዳውን የሚልጠው ያኔ ነው። አድቫይዘሬ (የጥናቴ አማካሪ) የነርሶችን «እውቀትና አመለካከት» በመጠይቅ እንዳጠና ነበር የፈለገው (እሱማ መደርደሪያ ሙሉ አለ!)። የዋርዱ ኃላፊ የሆነችው ሄድ ነርሳችን ፕሮፖዛሉን (የጥናት ዕቅዱን) አይታ፣ «ነርሶቹማ ያውቁታል፤ እጅ ነው ያጠራቸው። አስታማሚዎቹን ለምን አታይም?» አለችኝ። ጥናቱ የዞረው በዚያች ቃል ነው። እሷ ግን በመመሪያው አማካሪ መሆን አትችልም ተባለ፣ ፒኤችዲ ስለሌላት። እኔን ብትጠይቂኝ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይሄ ነው፤ ከዋርድ የመጣ ሁለተኛ አማካሪ ግዴታ ይሁን።

ሌላው ጊዜ ነው። ከናይት (ከሌሊት ተራ) ወጥቶ ሴሚናር መቀመጥ ትምህርት አይባልም። የጥናት ቀንሽ በቃል ሳይሆን በሺፍት ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍልሽ፤ በቃል የተሰጠሽን አንድ ሰው የቀረ ዕለት ይወስዱብሻል። ስትመለሺ ምን እንደምትሠሪም ከመመዝገብሽ በፊት ከነርሲንግ ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ያዢ።

ፕሮፖዛሉን ለአድቫይዘርሽ ከመላክሽ በፊት ለሄድ ነርስሽ ስጫት። አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ የበለጠ በዲውቲ መሃል አታነብልሽም።