አንድ መስመር ሲነካ ሁሉም ሞጁል እንዳይገነባ (መልስ)

ሰላም ወንድሜ፣ 40 ሞጁል (ለየብቻ የሚገነባ የኮድ ክፍል) ያለው የአንድሮይድ ፕሮጀክት አንድ መስመር ሲቀየር ለምን 6 ደቂቃ ይፈጃል ብለህ ከደብረ ማርቆስ ለጠየቅኸው፦

ራም ከመግዛትህ በፊት ለካ። ምንም ሳትነካ ግሬድልን (ፕሮጀክቱን የሚገነባውን መሣሪያ) ሁለት ጊዜ አከታትለህ አስነሳ። በሁለተኛው ዙር «አፕ ቱ ዴት» (አልተለወጠም፣ መድገም አያስፈልግም) ያልተባለ ሥራ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ቢልድኮንፊግ (በግንባታ ጊዜ የሚፈጠር የእሴቶች ፋይል) ውስጥ የገባ የግንባታ ሰዓት ነው። እሴቱ በየጊዜው ስለሚለወጥ ግሬድል ግብዓቱ ተቀይሯል ብሎ ሞጁሉን እንደገና ያጠናቅራል። ለዲበግ (ለሙከራ ለምትገነባው) ቋሚ ቁጥር ስጠው፣ ሰዓቱ ለሪሊዝ (ለተጠቃሚ ለሚወጣው) ብቻ ይሁን።

ትልቁ ጉዳይ ግን የሞጁሎቹ ትስስር ነው። በ«ኤፒአይ» (ጥገኝነቱን ለሌሎች ሞጁሎችም በሚያሳልፍ ትስስር) የታሰረ ሞጁል ውስጥ አንድ ፐብሊክ ፈንክሽን ከተቀየረ፣ ለውጡ ጭራሽ ወደማይጠቀሙበት ሞጁሎች ሁሉ ይዘልቃል። ወደ «ኢምፕሊመንቴሽን» (ለሌሎች ወደማያሳልፍ ትስስር) ቀይረው። አንዳንዱ ሞጁል መሰበሩ አይቀርም፤ ያኔ የሚፈልገውን ላይብረሪ በራሱ ግሬድል ፋይል አስገባለት። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ በላይ የሚያተርፍ ሥራ የለም።

ካፕት (በግንባታ ጊዜ ተጨማሪ ኮድ የሚያመነጭ የኮትሊን መሣሪያ) የምትጠቀም ከሆነ ላይብረሪዎችህ የሚደግፉትን ያህል ወደ ፈጣኑ ተተኪው ኬኤስፒ አዛውር። የቢልድ ካሽ፣ የኮንፊገሬሽን ካሽ (ሁለቱም ቀድሞ የተሠራውን አስቀምጠው መልሰው የሚጠቀሙ) እና ፓራለልን (ሞጁሎችን ጎን ለጎን የሚገነባውን) ግሬድል ፕሮፐርቲስ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ክፈታቸው።

የላይብረሪ ቨርዥን ላይ የመደመር ምልክት («የቅርቡን ውሰድ» የሚል) አታስቀምጥ፤ ግሬድል በየ24 ሰዓቱ አዲስ አለ ወይ እያለ ኢንተርኔት ይፈትሻል፣ መስመሩ ሲደክም እዚያው ቆሞ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ዴመኑ (ከጀርባ ሆኖ የሚቆየው የግሬድል ፕሮግራም) አብሮ ስለሚሞት ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ግንባታ ይዘገያል፤ ያ ጤነኛ ነው፣ «ክሊን» (የተገነባውን ሁሉ የሚያጠፋውን ትእዛዝ) አትበል።