ሜጀር ሳይመርጡ ኮሌጅ መጀመር፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) የተማሪዎች አድቫይዘር፣ ማለትም የትምህርት አማካሪ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሜጀር (ተማሪው ዲግሪ የሚይዝበት ዋና የትምህርት መስክ) ምርጫ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦገስት ላይ ዩኒቨርሲቲ ይጀምራል። ምን ልትማር ነው ስለው «አንዲክሌርድ ነኝ፣ ሜጀር ገና አልመረጥኩም» ይለኛል። ዲፓርትመንቱን ሳያውቅ ምን ብሎ ነው የሚማረው? እንቅልፍ አጥቻለሁ። (እናት፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይተኙ እህቴ፤ ልጅዎ ምንም አልሆነም። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ተፈትነን፣ ፎርም ሞልተን፣ የተመደብንበትን ነበር የምንማረው። እዚህ አካሄዱ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ከዚያ ውስጥ ሰፊ ድርሻ የሚወስዱት ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው ትምህርቶች ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ላብራቶሪ ያለው ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ። ልጅዎ መጀመሪያው ዓመት ላይ እነዚህን ነው የሚማረው።

ኤምአይቲን ያውቁታል አይደል? እዚያ አንደኛ ዓመት የሚገባ ተማሪ በሙሉ ሜጀር የለውም። የሚመርጡት ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ሃርቫርድ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የሚያስመርጠው። መርጠው የገቡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አይጸኑም። በ2011–12 ኮሌጅ የጀመሩ ተማሪዎችን የተከታተለው የፌዴራል መንግሥት ጥናት እንዳሳየው፣ ሜጀር ከመረጡት የባችለር ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀይረዋል። ሒሳብ መርጠው ከነበሩት ደግሞ ከግማሽ በላይ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነማ መጀመሪያው ዓመት ላይ የፈለገችውን ኮርስ ትውሰድ ማለት ነው? (አባት፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ በፍጹም! ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሜጀር አለመምረጥ አንድ ነገር ነው። ያለ ዕቅድ መመዝገብ ሌላ ነገር ነው። ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎችን የሚያስለቅሳቸው ሁለተኛው ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ጥሩ ውጤት ይዞ፣ «ኢንጂነሪንግ መግባት እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ይመጣል። ትራንስክሪፕቱን ስከፍት ሳይኮሎጂ አለ፣ ሶሲዮሎጂ አለ፣ ፊልም አለ፣ ኮሙኒኬሽን አለ። ሒሳብ ግን አንድም የለም፤ ስለሚፈራው «በኋላ» እያለ ሲገፋው ቆይቷል።

ኢንጂነሪንግ የሚጠይቀው ሒሳብ ተራ በተራ የሚወሰድ ነው። ካልኩለስ አንድ ሳያልፉ ሁለትን መውሰድ አይቻልም፤ ሁለትን ሳያልፉም ሦስትን። ከዚያ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን አለ። ፊዚክሱም ካልኩለስን ይጠብቃል። በምደባ ፈተና ፕሪካልኩለስ (ከካልኩለስ አንድ በፊት የሚወሰደው ሒሳብ) የደረሰው ልጅ ካልኩለስ ሦስትን የሚጨርሰው ቶሎ ቢል በአራተኛው ሴሚስተር ነው። ሒሳቡን ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚጀምር ከሆነ አራት ዓመቱ አምስትም ስድስትም ይሆናል። ገንዘቡንም አስቡት።

ነርሲንግም እንዲሁ ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ፣ ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ። እዚያ ደግሞ ማለፍ ብቻ አይበቃም። ቦታው ጠባብ ነው፣ ውድድሩም የሚታየው በእነዚህ ኮርሶች ውጤት ነው።

ስለዚህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። ልጅቷ ሁለት ሦስት ነገር በልቧ ካለ፣ ረጅም ሰንሰለት ያለውን አስቀድማ ትጀምር። በኢንጂነሪንግና በኢኮኖሚክስ መካከል የምታመነታ ከሆነ ካልኩለሱን አሁኑኑ ትግባበት። በኋላ ወደ ኢኮኖሚክስ ብትዞር ካልኩለሱ ያገለግላታል። ኢኮኖሚክስ ጀምራ ወደ ኢንጂነሪንግ ልዙር ብትል ግን ውድ ነው የሚሆንባት። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ለምሳሌ፦ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 3 ክሬዲት፣ ሒሳብ 4፣ ላብራቶሪ ያለው ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ 4፣ ልትሞክረው ከምታስበው መስክ አንድ የመግቢያ ኮርስ 3። በድምሩ 14። ይህን የጨረሰ ተማሪ የተዘጋበት በር የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ አንዲክሌርድ ገብቼ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መቀየር እችላለሁ? (ተማሪ፣ ሲያትል)

መልስ፦ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፤ አንተ ያለህበት ከተማ ደግሞ ከከባዶቹ አንዱ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚቀበለው በቀጥታ ከሃይስኩል ነው። ከገቡ በኋላ ከውስጥ መግባት እጅግ ይከብዳል። እዚያው ኢንጂነሪንግ ግን ሜጀር ሳይመርጡ ኮሌጁ ውስጥ መግባት ይቻላል፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በኋላ ነው። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት የምትፈልገው ሜጀር ዝግ (ከገቡ በኋላ ከውስጥ ለመግባት የሚከብድ) ይሁን ክፍት አጣራ። በዝግ ሜጀር ላይ «በኋላ እቀይራለሁ» ብሎ መግባትን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሜጀር ካልመረጥኩ ፋፍሳ (በማመልከቻ የሚገኘው የፌዴራል የትምህርት ርዳታ) ይከለክለኛል? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ዲግሪ ለመማር እስከተመዘገባችሁ ድረስ አይከለክልም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ፎርሙ ላይ የዲግሪ ፕሮግራም ካልመረጣችሁ «ዲግሪ የማይፈልግ» ተብላችሁ ልትመዘገቡ ትችላላችሁ፤ ያኔ ርዳታው ይቀራል። ያልወሰነ ተማሪ «ጄኔራል ስተዲስ» የሚለውን ይምረጥ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ጨምሮ ብዙ ቦታ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለርዳታው 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሁሉም ያንን ይዞ ይቀመጣል። 12 በስምንት ሴሚስተር 96 ነው። ለ120 ገና 24 ይቀራል። የማይመለሰው የፌዴራል ርዳታ፣ ፔል ግራንትም፣ ዕድሜ ልክ አይደለም፤ በሙሉ ጊዜ ሲቆጠር 12 ሴሚስተር ነው፣ ከዚያ ያበቃል። ሜጀር እያማረጡ የሚያሳልፉት ጊዜ ከዚያ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት ሳልመርጥ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ። የተማርኩት ይያዝልኛል ወይስ ከዜሮ ነው? (ተማሪ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣሽ! ከዜሮ አትጀምሪም፣ ሁሉም ግን አይያዝም። ትራንስክሪፕትሽን የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በሚገመግመው ደብሊውኢኤስ ወይም ኮሌጅሽ በሚቀበለው ሌላ ድርጅት አስገምግሚ። ስትከፍዪ «ኮርስ በኮርስ» የሚለውን ምረጪ፤ አጠቃላይ ግምገማው ክሬዲት ለማስያዝ አይበቃም። የመጨረሻው ውሳኔ የኮሌጁ ነው። ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ሒሳብና ፊዚክስ የመያዝ ዕድላቸው ጥሩ ነው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ምናልባት እንደ ምርጫ ኮርስ ይቆጠርልሽ ይሆናል። የየኮርሱን ማብራሪያ ከአገር ቤት አስልኪ፤ በተለይ ለሒሳቡ ይጠይቁሻል። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ አሁኑኑ መሙላት ትችያለሽ። የስቴት ነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ግን በብዙ ስቴት አንድ ዓመት መኖር ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ ነርሲንግ ካልተማርሽ ይላሉ። እኔ አልወሰንኩም። ምን ልበላቸው? (ተማሪ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወላጆችሽ ሥራ የሚያስገኝ ነገር እንድትይዢ ነው የፈለጉት፤ በሌሊት ሺፍት ያሳደጉሽ ሰዎች ይህን ቢመኙ አይፈረድባቸውም። ግን ሳትወጂው ገብተሽ አናቶሚ ላይ ብትወድቂ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ «አልፈልግም» ብቻ ብለሽ አትምጪባቸው። የምትወስጃቸውን ኮርሶች በወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው፤ ለነርሲንግም ለሌላም የሚያገለግሉት ላይ ምልክት አድርጊ። የምትወስኚበትንም ሴሚስተር ንገሪያቸው። ቀን የተቆረጠለት ነገር ያረጋጋቸዋል።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ድረስ አለመወሰን ይቻላል? (ተማሪ፣ ዲሲ)

መልስ፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ፣ 60 ክሬዲት አካባቢ፣ አስገድዶ ያስመርጣል። የእኔ ምክር 30 ክሬዲት ላይ ዝርዝሩን ወደ ሁለት ማውረድ ነው። አድቫይዘርህ ጋ ስትሄድ ደግሞ «ምን ይሻለኛል?» ብለህ አትጠይቅ። የዲግሪ ኦዲቱን (ያለፍከውንና የቀረህን ኮርስ የሚያሳየውን ዝርዝር) ስክሪን ላይ እንዲከፍትልህ ለምነውና «ይሄን ሜጀር ብመርጥ ምን ምን ይቀረኛል?» በለው። ሲስተሙ ያልመረጥከውን ሜጀር አስገብቶ ማሳየት ይችላል። ያለፍከው ኮርስና የቀረው ተለይቶ ይወጣል። ለሁለቱም ሜጀሮች አሳትመውና ጎን ለጎን አስቀምጠህ የቀሩህን ክሬዲቶች ቁጠር። የሚቀጥለውን ሴሚስተር ከዚያ በኋላ ተመዝገብ።