ስካርፉ ለምን ሦስት ማዕዘን ይሆናል? ኪሮሽና ሹራብ ለሚጀምሩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በትርፍ ጊዜሽ የእጅ ሥራ ልትጀምሪ ነው፤ ኪሮሽ ይሻላል ወይስ ሹራብ፣ ምን ምን ይገዛል፣ በ30 ዓይን የጀመርሽው የኪሮሽ ስካርፍ ለምን እየጠበበ ሄደ፣ ከሱ ቀጥሎስ ለእህትሽ ልጅ ሹራብ መሥራት ይቻላል ወይ። ከስካርፉ ልነሳ፤ የሱ መልስ የሌሎቹንም ግማሽ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ አሁን የደረስሽበትን መስመር ቁጠሪው። 30 ሞልቶ ከጠበበ እጅሽ ከመስመር መስመር እየጠበቀ ሄዷል ማለት ነው። ግን ወደ ሦስት ማዕዘን የሚሄድ ሥራ ብዙውን ጊዜ ዓይን የጎደለው ነው፤ የሚጎድለውም ከመሃል ሳይሆን ከዳር ነው። በደብል ክሮሼ (በአሜሪካኖች አጠራር፣ ክሩ አንዴ ኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረዘም ያለ ዓይን) ስትሠሪ፣ መስመር ስታዞሪ የምታወጪያቸው 3 ሰንሰለቶች እንደ መጀመሪያው ዓይን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቀጣዩ ዓይን የሚገባው ከሥራቸው ባለው ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ባለው ነው። ተመልሰሽ ስትመጪ ደግሞ የመጨረሻው ዓይን የሚሠራው በነዚያ 3 ሰንሰለቶች አናት ላይ ነው። ችግሩ ሰንሰለቱ ዓይን አይመስልም። ከሌሎቹ ቀጠን ብሎ ወደ ውጭ ዘንበል ይላል፣ አናቱም ተጣሞ ይደበቃል፤ ስለዚህ ጀማሪ መስመሩ ያለቀ መስሎት እሱን ትቶ ያዞራል። በየመስመሩ አንድ ከታለፈ 30 ዓይን በ10 መስመር 20 ይሆናል። በተቃራኒው ከሰንሰለቱ ሥር ባለው ዓይንም ውስጥ ከሠራሽ በየመስመሩ አንድ ይጨምርና ሥራው እንደ ቀሚስ እየሰፋ ይሄዳል።

በሲንግል ክሮሼ (ክሩ ሳይጠመጠም የሚሠራው አጭር ዓይን) ሕጉ ሌላ ነው። ለመዞሪያ የምታወጪው 1 ሰንሰለት ብቻ ነው፣ እሱም አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ዓይን እዚያው ከሥሩ ይገባል። ከአንዱ ቪዲዮ የአንዱን፣ ከሌላው የሌላውን ሕግ ይዞ የሚሠራ ሰው ዳሩ ቢወላገድበት አይገርምም።

መፍትሔው ምልክት ነው። መርፌ ቁልፍ ወይም የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ በየመስመሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓይን ላይ አድርጊ። በደብል ክሮሼ ሦስተኛው ሰንሰለት እንደወጣ፣ ሌላ ዓይን ሳትጀምሪ፣ ምልክቱን እሱ ላይ ሰኪው፤ ስትመለሺ መጨረሻው የት እንደሆነ መገመት አይኖርብሽም። ዳሩን ዓይንሽ እስኪለምደው ድረስ መስመር ባለቀ ቁጥር መቁጠር አይቀርም። ለዚህኛው ስካርፍ ግን የምመክርሽ 30 ወደነበረበት መስመር መልሰሽ እንድትፈቺው ነው። ዳር ዳሩን እየጨመሩ ማቃናት ይቻላል ይባላል፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን አታገኚበትም።

መነሻውንም አረጋግጪ። ለ30 ደብል ክሮሼ 32 ሰንሰለት አውጥተሽ ከኪሮሹ ስትቆጥሪ አራተኛው ላይ ትጀምሪያለሽ፤ ለ30 ሲንግል ክሮሼ 31 አውጥተሽ ሁለተኛው ላይ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ወደ ውስጥ ከተሰበሰበ ሰንሰለቱ ጠብቋል፤ ሰንሰለቱን ብቻ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር በሚበልጥ ኪሮሽ ሠርተሽ ከዚያ ወደ ራሱ ተመለሺ።

እጅ የሚጠብቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ኪሮሽሽን አይተሽ እንደሆነ ጫፉ ላይ መንጠቆው አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ቀጠን ያለ አንገት፣ ከዚያ እኩል ውፍረት ያለው ግንድ። 5 ሚሊሜትር የሚባለው ግንዱ ነው። ክሩን ጎትተሽ ስታወጪ ቀለበቱ አንገቱ ላይ ከቀረ፣ የያዝሽው 5 ቢሆንም የምትሠሪው ከዚያ ያነሰ ዓይን ነው፤ በሚቀጥለው መስመር መንጠቆው አልገባ ብሎ ትታገያለሽ። ቀለበቱን እስከ ግንዱ ገፋ አድርገሽ እዚያ ላይ ይለካ። የክሩን ውጥረት የሚቆጣጠረው ደግሞ ሌላኛው እጅ ነው፦ በትንሿ ጣት ዙሪያ አንዴ ጠምዝዘሽ፣ በመሃለኞቹ ሥር አሳልፈሽ በሌባ ጣት ላይ ስታወጪው ክሩ እኩል ይለቀቃል። ኪሮሹን እንደ እርሳስም ሆነ እንደ ቢላ ብትይዢው ለውጥ የለውም። አንጓሽ ከታመመ ግን አጥብቀሽ ጨብጠሻል፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው አስቀምጠሽ እጅሽን አፍታቺ።

ኪሮሽ ወይስ ሹራብ ላልሽው፣ ለጀማሪ ኪሮሽ ይቀላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በማንኛውም ሰዓት ክፍት የሆነው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ቢያመልጥሽ ትንሽ ይፈታል እንጂ ሥራው አይተረተርም። በሹራብ ግን የመስመሩ ዓይኖች በሙሉ መርፌው ላይ ክፍት ሆነው ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲያመልጥ ከሥሩ ያሉትን ይዞ መሰላል እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄም ቢሆን ይጠገናል፦ ኪሮሽ ወስደሽ የወረደውን ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ ትገቢበታለሽ፣ ከሱ በላይ ያለውን የመሰላሉን አግድም ክር ይዘሽ በቀለበቱ ውስጥ ታወጪያለሽ፣ እንዲያ እያልሽ እስከ መርፌው ትወጪያለሽ። ስለዚህ ሹራብ የሚሠራ ሰውም ኪሮሽ ከእጁ ባይጠፋ ጥሩ ነው። በጨርቁ በኩል ደግሞ ሹራብ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ሰውነት ላይ ይቀመጣል፤ ኪሮሽ ወፈር፣ ጠንከር ይላል፣ ለተመሳሳይ ስፋትም አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ክር ይበላል። ለቦርሳ፣ ለአሻንጉሊት፣ ለምንጣፍና ለዳንቴል ኪሮሽ፤ ለካልሲና ለሚለበስ ሹራብ፣ ሹራብ።

ግዢው አጭር ነው። 5 ሚሊሜትር ኪሮሽ፣ መለያ ወረቀቱ ላይ 4 ቁጥር ያለበት መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ጫፉ ደብዘዝ ያለ መርፌ፣ መቀስና ሜትር። ክሩ ለስላሳና ፈካ ያለ ቀለም ይሁን። ጥቁር ላይ ዓይን አይታይም፤ ጸጉራም ክር ደግሞ ማየትም መፍታትም ይከለክላል፣ ሱቅ ውስጥ የሚያምረው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው! ለሹራብ የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ዓይን ስለማያንሸራትት ለጀማሪ ይሻላል፤ ብረቱ ፍጥነት ከመጣ በኋላ ነው የሚጠቅመው። መጠን ስትመርጪ በሚሊሜትር ብቻ ሂጂ። በሹራብ መርፌ የአሜሪካ 8 ቁጥር 5 ሚሊሜትር ሲሆን የድሮው የእንግሊዝ 8 ቁጥር 4 ሚሊሜትር ነው፤ የአሜሪካው ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይወፍራል፣ የእንግሊዙ ይቀጥናል።

የኪሮሽ መመሪያ ላይም ያው ጣጣ አለ። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል፤ የአሜሪካው ደብል ለእንግሊዞቹ ትሬብል ነው። መመሪያው ውስጥ ሲንግል የሚል ካለ የአሜሪካ ነው፣ በእንግሊዞቹ አጠራር ሲንግል ክሮሼ የሚባል የለምና። ይህን ሳያዩ የጀመሩት ሥራ ቁመቱ ከተባለው በጣም ይርቃል።

ስለ ክር አንድ ነገር ልብ በይ፦ ግራም አያታልልሽ። 100 ግራም ቀጭን ክር 400 ሜትር፣ 100 ግራም ወፍራም ክር ደግሞ 200 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ መመሪያ ላይ የሚፈለገውን በሜትር አመሳክሪ። ያለ መመሪያ ከሆነ የምትሠሪው፣ በዚያው ክር 15 በ15 ሴንቲሜትር ናሙና ሥሪና በኩሽና ሚዛን መዝኚው። 9 ግራም ከመዘነ፣ 20 በ150 የሆነ ስካርፍ ስፋቱ 3,000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ ናሙናው 225፤ ስታካፍይው 13 ከምናምን እጥፍ፣ ማለትም ወደ 120 ግራም። ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምረሽ ሁሉንም በአንዴ ግዢ። መለያው ላይ ሎት የሚል ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር ከተለያየ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው ቢባልም ሥራው ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። አልቆብሽ ሌላ ሎት ብቻ ከተገኘ ድንበሩ ላይ ሁለት መስመር ከአሮጌው፣ ሁለት መስመር ከአዲሱ እያፈራረቅሽ ጥቂት ሂጂ፤ ልዩነቱ ይደበዝዛል።

የእህትሽን ልጅ ሹራብ በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ግን ሁለተኛ ሥራሽ ባይሆን ይሻላል። ስካርፍ 3 ሴንቲሜትር ቢጠብ ስካርፍ ነው፣ ልብስ ግን አይገባም። ቀጥሎ ኮፍያ ሥሪ። በሲንግል ክሮሼ ከአናቱ በ6 ዓይን ጀምረሽ በየዙሩ 6 ትጨምሪያለሽ፦ 12፣ 18፣ 24። ከሞገደ ጭማሪው በዝቷል፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከተነሳ አንሷል። የአናቱ ስፋት ሲበቃሽ መጨመሩን ታቆሚያለሽ፣ ከዚያ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ጭማሪን በዚህ ከለመድሽ የእጅጌና የትከሻ ቅርጽ አያስቸግርሽም።

ልብስ ሲደርስ ደግሞ ናሙና ግዴታ ነው። መመሪያው በ10 ሴንቲሜትር 20 ዓይን አለ እንበል፤ ለ60 ሴንቲሜትር ደረት 120 ዓይን ይነሳል። ያንቺ እጅ 22 ካወጣ ያው 120 ዓይን 54 ከግማሽ ገደማ ነው የሚሰጥሽ፤ 18 ካወጣ 66 ይሻገራል። የሁለት ዓይን ልዩነት እዚህ ደረሰ። ናሙናውን 15 ሴንቲሜትር አድርገሽ ሥሪ፤ የምትለኪው ግን የመሃሉን 10 ብቻ ነው፣ ዳሩ ይዋሻል። ልብሱ እንደሚታጠበው አጥበሽ አድርቀሽ ለኪ። ዓይኑ ከበዛ ወፈር ያለ መርፌ፣ ካነሰ ቀጠን ያለ ያዢ፤ እጅሽን ላላ ወይም ጠበቅ ለማድረግ አትሞክሪ፣ ሁለት መስመር ሳትሄጂ ወደ ልማዱ ይመለሳል። የልጁን ልክ በደንብ ከሚሆነው ልብስ ውሰጂ፣ አንድ መጠን ከፍ አድርጊ፤ ልጅ ሹራቡን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

በሹራብ አንድ መስመር ኒት (ፊቱ ለስላሳ የሆነው ዓይን)፣ አንድ መስመር ፐርል (የሱ ግልባጭ) ስትሠሪ የሚገኘው ለስላሳው ጨርቅ ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላል። ይሄ ስህተት አይደለም፣ የጨርቁ ጠባይ ነው፤ በካውያም ብትታገይው ይመለሳል። ለሹራቡ ታችና እጅጌ 2 ኒት 2 ፐርል አድርጊ፤ ለስካርፍ ወይም ለብርድ ልብስ ከሆነ በየዳሩ 4 ዓይን ሁልጊዜ ኒት ብቻ ይሁን። አንገቱን ስትዘጊ፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን ዓይኖች ከመርፌው ላይ ስትጨርሺ፣ አንድ ወይም ሁለት መጠን በሚወፍር መርፌ ዝጊ። የልጅ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ጠብቆ የተዘጋ አንገት አያስገባም፣ ትከሻው ላይ ቁልፍ ማድረግም አንድ መላ ነው።

ክር ስትቀጥዪ መስመር ዳር ላይ ቀጥዪ፣ 15 ሴንቲሜትር አስተርፊ፣ ቋጥረሽ አትቁረጪው። ቋጠሮ በጊዜ ብዛት ወጥቶ ይታያል ወይም ይፈታል። ትርፉን በመርፌው ወደ አንድ አቅጣጫ አስገብተሽ፣ ተመልሰሽ፣ ሦስተኛ ጊዜ አቅጣጫ ቀይረሽ ስታስገቢው ይይዛል።

እጥበት እንደ ክሩ ነው። የበግ ሱፍ ሙቅ ውሃና መታሸት ሲገናኙበት ተሰብስቦ እንደ ፈልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ የሱፍ ጨርቅ) ይጠጥራል፣ አይመለስም፤ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ፣ ሳትጠመዝዢ በፎጣ ጨምቀሽ፣ በልኩ ዘርግተሽ በመርፌ ወጥረሽ አድርቂው፤ የተዛቡ ዓይኖች በዚህ ይስተካከላሉ። ጥጥ ተለጥጦ አይመለስም፣ በክብደቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከባድ ሹራብ በጥጥ አትጀምሪ፣ ለወጥ ቤት ግን ከሱ የተሻለ የለም። ለድስት መያዣ አክሪሊክ እንዳትጠቀሚ፣ ትኩስ ነገር ሲነካው ይቀልጣል። አክሪሊክ ልብስም ቢሆን ካውያ አይነካው፤ እንፋሎቱን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ርቀሽ አሳልፊበትና እስኪቀዘቅዝ ሳታነሺው ተዪው።