ማሽኑ ጤፉን ከእብቁ ጋር ለምን ይተፋል?

ከምሥራቅ ጎጃም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ «የመውቂያ ማሽኔ ስንዴን አጥርቶ ያወጣል። ጤፍ ሲገባበት ግን ፍሬው ከእብቁ ጋር ይበተናል። የሞተሩን ጋዝ ስቀንስ ደግሞ ጤፉ በደንብ ሳይወቃ ይወጣል። ምን ላድርግ?»

ማሽንህ ደህና ነው። ያስቸገረህ የማራገቢያው ንፋስ ነው።

የሚወድቅን ነገር ሁሉ አየር ይቃወመዋል። አወዳደቁ በፈጠነ ቁጥር የአየሩም ግፊት ይበረታል። ግፊቱ ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ይህ የመጨረሻ ፍጥነት ለስንዴ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ለጤፍ ግን ከ3 እስከ 4 ሜትር ብቻ ነው። ሺህ የጤፍ ፍሬ እኮ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም! ስለዚህ ከታች ወደ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ስንዴውን አያነሳውም፣ ጤፉን ግን ጠርጎ ይወስደዋል። ገበሬ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያዘራ ለስለስ ያለ ንፋስ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ጋዝ መቀነሱን ተው። ጋዝ ሲቀንስ የሚወቃው ከበሮም አብሮ ይደክማል። መቀነስ ያለበት ማራገቢያው ብቻ ነው። ማራገቢያው የራሱ ቺንጋ ካለው፣ በማራገቢያው በኩል ያለውን ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ፣ በትልቅ ቀይር። የፑሊው ስፋት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ፍሬውን የሚገፋው ኃይል ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቺንጋውም ረዘም ያለ መሆን አለበት። ማራገቢያውና ከበሮው አንድ ዘንግ ላይ ከሆኑ ግን ፑሊውን አትንካ፤ የአየር መግቢያውን በላሜራ ትንሽ በትንሹ ዝጋ። ይህን ሁሉ ስትሠራ ሞተሩ ይጥፋ።

ከዚያ እብቁ በሚወጣበት በኩል ሸራ አንጥፍና ጥቂት ነዶ አስገባ። ሸራው ላይ ያረፈውን በሰፌድ አበጥረህ እየው፤ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ቆሞ በማየት አይለይም። ፍሬ ካገኘህ መግቢያውን ትንሽ ጨምረህ ዝጋ። ምርቱ ውስጥ እብቅ ከበዛ ከፈት አድርገው። አንጓ ያለው የጭድ ቁራጭ ግን አወዳደቁ ለፍሬው ስለሚቀርብ በንፋስ ብቻ አይለይም። እሱን ለወንፊቱ ተወው።

ደግሞ ጠዋት በጤዛ አታስተካክል። የረጠበ እብቅ ይከብዳል፣ አንተም ንፋሱን ትጨምራለህ። ቀትር ላይ ሲደርቅ በዚያው ንፋስ ጤፉ ይሄዳል።