ስለ ምርጥ ምድጃ ለጠየቅሽው እህት፦ እንጨቱን የሚበላው በምጣዱ ዙሪያ ያለው ክፍተት ነው

እህቴ፣ መብራት እየጠፋ እንጀራ መጋገር ስላስቸገረሽ «ምርጥ» የተባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እንደ ገዛሽ፣ ነገር ግን እንጨቱን ከሦስት ጉልቻ ባልተናነሰ እየፈጀ፣ ጭሱም በምጣዱ ዙሪያ እየወጣ ዓይንሽን እንዳቃጠለው ጽፈሽ፣ «ልተወው ወይስ ላቆየው?» ስትዪ መጠየቅሽን አንብቤአለሁ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጠቀሚ ብለውሻል፤ መብራት ጠፋብኝ ለሚል ሰው ይህ ምን መልስ እንደሚሆን አይገባኝም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች የማስረክብ ሴት ነኝ፤ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በዚህ ሥራ ስለሆነ አንቺን የገጠመሽ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። አትተዪው። ነገር ግን ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳታደርጊ አንድ ሸክም እንጨት እንኳ አትጨምሪበት።

አንደኛ፣ ክፍተቱን ፈልጊ። ምርጥ ምድጃ ዙሪያውን የሚገጥሙ አራት ቁራጮችና ከኋላ ጭሱ የሚወጣባቸውን፣ ድስትም የሚቀመጥባቸውን ሁለት ቁራጮች ይዞ የሚቆም ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተሠርቶ በአገሩ ሲሰራጭ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ይቀንሳል የተባለለት፣ እሳቱ ተከብቦ ሙቀቱ የምጣዱን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ልሶ በኋላ በኩል ብቻ ሲወጣ ነው። ምጣዱ በምድጃው ከንፈር ላይ በደንብ ካልተቀመጠ ግን ነበልባሉ በአቅራቢያው ባገኘው ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል፤ ዳሩ ስለማይግል እንጀራው መሀሉ ዓይን አውጥቶ ጠርዙ ሊጥ ሊጥ እንዳለ ይቀራል። አንቺ ያንን ጠርዝ ለማብሰል እንጨት ስትጨምሪ መሀሉ ያርራል። ክፍተቱን ለማግኘት አመሻሽ ላይ እሳቱን አንድደሽ፣ በሩን ዘግተሽና አምፖሉን አጥፍተሽ ምጣዱን ዞረሽ ተመልከቺ። በጠርዙ ሥር ቀይ ብርሃን ያየሽበት ቦታ ሁሉ ገንዘብሽ የሚወጣበት ነው፤ ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጊበት።

ሁለተኛ፣ የምትሞይበት ነገር ሲሚንቶ እንዳይሆን አደራ እልሻለሁ። ምጣዱ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በሲሚንቶ ከታሰረ ወይ እሱ ይሰነጠቃል ወይ ምድጃው፤ ምጣድ መቀየር ሲያስፈልግም ሳይሰበር አይነሣልሽም። እኔ የምጠቀመው የተነፋ አመድ፣ ቀይ የሸክላ አፈርና ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ አንድ ላይ ተቦክቶ ካደረ በኋላ ነው። በመዳፌ እንደ ገመድ አድርጌ እያድቦለቦልኩ በምድጃው ከንፈር ላይ ዙሪያውን አስቀምጣለሁ፣ ምጣዱን አውርጄበት በሁለት እጄ ጫን እያልኩ ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረዋለሁ፣ ተጨምቆ የወጣውን ጭቃ በእርጥብ ጣት እየዳበስኩ ከዳሩ ጋር አስተካክለዋለሁ። አራቱ ቁራጮች የሚገናኙባቸውን መጋጠሚያዎችም እንዲሁ። አድሮ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ቦታ አይጠፋም፤ ያንኑ ጭቃ በውኃ አቅጥነሽ ደግመሽ ቀቢው።

ሦስተኛ፣ ክፍተቱ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ጭቃ አያድንሽም፤ ምድጃውና ምጣዱ በልክ አልተሠሩም ማለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ነገር ይህ ስለሆነ ሦስተኛውን ነጥብ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

የመጀመሪያውን ምድጃዬን የገዛሁት ተደራጅተው ከሚያመርቱ ልጆች ነው። ሥልጠና የሰጣቸውና ምርታቸውን ተመልክቶ ያሳለፈላቸው አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ፤ በግድግዳቸው ላይም ጥራቱ የተረጋገጠ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ለጥፈው ነበር። ከላይ በቀጭን ሲሚንቶ ስለተለሰነ ሲያዩት ያምራል። ቤት ወስጄ ስገጥመው ግን ቁራጮቹ ክብ አልሠሩም፤ ቅርጽ ማውጫቸው አርጅቶ የተጣመመ ስለነበር ምጣዱ በሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሄጄ ስነግራቸው «ጭቃ ሙዪበት» አሉኝ። ሞላሁበት። ብዙም ሳይቆይ የእሳት መግቢያው የላይኛው ጠርዝ እንጨት በነካው ቁጥር እየተፈረፈረ ይወርድ ጀመር፤ ይህ ደግሞ በጭቃ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

የወደቀውን ቁራጭ በፌስታል ይዤ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ «ይህን ቆሻሻ ወደ ቢሮ ይዘሽ አትግቢ» አለኝ። ጉዳዩን ሳስረዳው ሳቅ ብሎ፣ «እናቴ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ችግሩ የአጠቃቀም ነው» ሲል መለሰልኝ። ዕድሜዬን በሙሉ እሳት ፊት የኖርኩ ሴት እንዴት እሳት እንደሚነድ ከዚያ ወንበር ላይ ሊያስተምረኝ ነው! ቁራጩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በአውራ ጣቴ ጠርዙን ጫን አልኩት፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ፈራርሶ በወረቀቶቹ ላይ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ነው ስሜን የመዘገበው። ሰው እንልካለን ብሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የመጣ የለም። ተረቱም ቢሆን ለወጥ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለእንጀራ አይሠራም፤ ጉልቻውን ወደ ጥሩ ምድጃ ስትለውጪ እንጀራውም ማገዶውም ይለወጣል።

መፈረፈሩ ከምን እንደመጣ የነገረኝ ኋላ ያገኘሁት ሌላ አምራች ነው፤ አንቺም ከመግዛትሽ በፊት ማወቅ የነበረብሽ ይህንን ነው። ምርጥ ምድጃ የሚሠራው ከሲሚንቶና በስምጥ ሸለቆው አካባቢ፣ በአዳማና በወንጂ በኩል በብዛት ከሚገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ወደ ውጭ አያሳልፍም። አምራቹ ለማትረፍ ሲል ሲሚንቶውን ካሳነሰ፣ ወይም የገሞራውን አሸዋ በወንዝ አሸዋ ከተካው፣ አንዱ ይፈረፈራል፣ ሌላው ከብዶ ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይጠጣል። ከሁሉም የከፋው ግን ውኃ መንፈግ ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ በጥላ ሥር ሆኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየት ሲገባው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው በሁለተኛው ቀን የሚሸጡት አሉ። እንዲህ ያለው ምድጃ ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ ስትገዢ ጠርዙን በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አድርጊው፤ ዱቄት ከሆነ ተይው። በጣትሽ መገጣጠሚያ አንኳኪው፤ ጥሩው ይጮኻል፣ ያልጠነከረው ድምፁ የታፈነ ነው። ምጣድሽን ተሸክመሽ ሂጂ፤ ሻጩ ቢስቅብሽም ግድ የለሽም፣ እዚያው ቁራጮቹን አስገጥመሽ ምጣዱን አስቀምጪበት። ምጣዶች ሁሉ 60 ሴንቲ ሜትር ናቸው እየተባለ ይነገራል እንጂ ሸክላ ሠሪ በሜትር አትለካም፤ ከመቃጠሉ በፊትና በኋላም ስፋቱ አንድ አይደለም። እኔ ሁለተኛውን የገዛሁት ምጣዴን በአህያ አስጭኜ ወስጄ ነው፤ ያ ምድጃ ዛሬም ድረስ ቆሟል፣ የሰፈሬ ሴቶችም የራሳቸውን ያሠሩት እሱን እያዩ ነው። አዲሱን ምድጃ በመጀመሪያው ቀን በትልቅ እሳት አታስደንግጪው፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ጭራሮ ብቻ እያነደድሽ ቀስ በቀስ አሙቂው።

ስለ እንጨቱ ደረቅ ግዢ ብዬ አላደክምሽም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማይለየው ግን ለምጣድ የሚፈለገው ፍም ሳይሆን ነበልባል መሆኑን ነው። ወይራ ለወጥና ለቡና የሚመሰገን እንጨት ነው፤ በምጣድ ሥር ግን ፍሙ አንድ ቦታ ተከማችቶ መሀሉን ብቻ ያግላል። ለእንጀራ ከባሕር ዛፍ የተሻለ አላገኘሁም፤ እሱም ቀጠን ተደርጎ ሲፈለጥ፣ ከአውራ ጣት ወፈር፣ ከእጅ አንጓ ቀጠን ያለ ሲሆን ነው። በጥርና በየካቲት ርካሽ ሳለ ገዝተሽ አስፈልጪና ከላይ ብቻ ሸፍነሽ ጎን ለጎኑን ለነፋስ ክፍት አድርገሽ ከምሪው፤ በክረምት የምትገዢው እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚያባክነው የራሱን ውኃ በማፍላት ነው። የፍልጡ ጫፍ ላይ ስንጥቅጥቅ ካየሽና ሁለቱን ስታጋጪያቸው ከጮኹ ደርሰዋል። ስትማግጂ ደግሞ የመግቢያውን ግማሽ አትለፊ፤ ምድጃው አየር የሚያገኘው በዚያው አፍ ስለሆነ በእንጨት ከጠቀጠቅሽው ታፍኖ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ኩበት በእኛ በኩል የተለመደ ነው፤ ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ለማቆየት እጨምርበታለሁ፤ ጭሱና አመዱ ግን ብዙ ነው፣ ለእርሻው የሚቀረውም ያሳዝነኛል።

የጭሱን ነገር በተመለከተ፣ ከጻፍሽው እንደ ተረዳሁት በኋላ በኩል ድስት ትጥጂበታለሽ። ድስቱ የጭሱን መውጫ ሙሉ በሙሉ ከደፈነው ጭሱ ተመልሶ በፊት በኩል ወደ አንቺ ይመጣል። ከሥሩ ጣት የምታስገባ ክፍተት እስክታገኚ ድረስ ትናንሽ ድንጋዮች አስደግፊው፤ የአብሲቱ ውኃ እንደዚያም ሆኖ ይፈላልሻል። የምድጃውን አፍ ከበሩ ጋር ፊት ለፊት አታድርጊው፤ ነፋስ ነበልባሉን ገፍቶ በኋላ ያስወጣዋል፤ እኛ አገር ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ይህን ቶሎ ተረድተነዋል። የኋላውን ደግሞ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ቀዳዳ ወይም መስኮት ወዳለበት አዙሪው፤ ተራው ምርጥ ምድጃ ቱቦ የለውምና ጭሱን ይቀንሳል እንጂ ከቤት አያወጣልሽም። ልጅ አዝለሽ የምትጋግሪ ከሆነ ልጁን ለሰው ስጪ። ጋግረሽ ስትጨርሺ የቀረውን ፍም ብርድ ነው ብለሽ ወደ መኝታ ቤት እንዳታስገቢ፤ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ተኝተሽ ሳለሽ ይገድላል።

ቀን በቀን አምስት ስድስት እንጀራ ከመጋገር በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ ብዙውን እንጨት የሚጨርሰው ቀዝቃዛውን ምጣድ የመጀመሪያውን እንጀራ እስኪያወጣ ድረስ ማጋል ነው። ከመጨረሻው እንጀራ በኋላ በቀረው ግለት ቆሎ ይቆላል። ምጣዱን በጎመንዘር አሰስ እያደረግሽ ያዢው፤ እንጀራ የሚይዝ ምጣድ አንዱን እያነሣሽ አንዱን እስክትደግሚ እሳቱ በከንቱ ይነዳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድሽን ግን እንዳትሸጪው፤ መብራት ባለ ቀን እኔም እሱን እጠቀማለሁ፣ ሳንባን ከቤት ውስጥ ጭስ የሚያሳርፍ ነገር ማን ይጠላል።

አሁን የምጣድሽን ስፋት ከዳር እስከ ዳር፣ የምድጃሽንም የውስጥ ስፋት በሜትር ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከፊትና ከኋላ የተነሣ ፎቶም ጨምሪበት። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ በጭቃው ይስተካከላል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ሻጩ አንዱን ቁራጭ ወይም ሙሉውን እንዲቀይርልሽ ደረሰኝሽን ይዘሽ ቶሎ ሂጂ፣ ከቆየሽ ተጠቅመሽበት ነው ይልሻል። ጭቃውን ዛሬ ብትሞይ ለነገ መጋገር አትቸኩይ፤ ሳይደርቅ እሳት ከነካው ይረግፋል።