ሥራ ራሱ ይናገራል ያለው ማን ነው?

ልጆቼ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ደብዳቤና ጥቅል መለየት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮችን ደብዳቤ ይለይ ስለነበረው ስለ 6888ኛው የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሻለቃ ጦር መጀመሪያ ስሰማ ቀልቤን የሳበው ጦርነቱ አይደለም፤ የደብዳቤው ብዛት ነው። 17 ሚሊዮን ገደማ!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ ነበር የሚያኖረው። መኝታው ለየብቻ፣ ማዕዱም ለየብቻ። አብዛኛው ጥቁር ወታደር የሚመደበው ጭነት ማውረድ፣ መኪና መንዳት፣ መንገድ መሥራት ላይ ነው። ጥቁር ሴቶችን ባሕር ማዶ ለመላክማ ጦሩ እግሩን ሲጎትት ነው የቆየው። ብዙ ከተወተወተ በኋላ በ1945 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 855 ያህል ሴቶች ወደ እንግሊዝ ተላኩ። አዛዣቸው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ የ26 ዓመት ወጣት ነበረች።

በርሚንግሃም ሲደርሱ የጠበቃቸው እስከ ጣሪያ የተቆለለ ፖስታ ነው። ማሞቂያ የለም፤ ካፖርት ደርበው ነው የሚሠሩት። የአየር ድብደባ ስለሚፈራ መስኮቱ ሁሉ ጠቁሯል። ከቤት የተላከውን ኬክ አይጥ ይጫወትበታል። አድራሻው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ «ለጁኒየር፣ የአሜሪካ ጦር» ብቻ ተብሎ የተላከ አለ። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ወታደር ብቻውን 7,500 ያህል ነበር። (እኛ ጋ ስንት አበበ ከበደ እንዳለ አስቡት።)

ሴቶቹ ወታደሩ ማን እንደሆነና የት እንዳለ የሚገልጽ 7 ሚሊዮን ገደማ ካርድ አደራጁ። ስሙ ቢመሳሰልም የወታደሩ መለያ ቁጥር አይመሳሰልምና በዚያ ለዩት። በሦስት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን። በአንድ ፈረቃ 65,000 ያህል! እኔ ማሽን እያገዘኝ ወገቤ ተቆርጧል። የሞተ ወታደር ደብዳቤ ሲመጣ ለላኪው የሚመልሱትም እነሱ ናቸው። ለስድስት ወር የተሰጣቸውን ሥራ በሦስት ወር ጨረሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አያችሁ፣ ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ሥራችሁ ራሱ ይናገራል» ይላችኋል። እኔም ለራሴ ልጆች ስል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራውን የሚያፋጥን መላ አገኘሁ። ምስጋናውንም እድገቱንም ያገኘው ሌላ ሰው ነው። «ያዩታል» ብዬ ሦስት ዓመት አፌን ዘጋሁ። ማንም አላየውም።

አዳምስ ግን አፏን አልዘጋችም። አንድ ቀን አንድ ጄኔራል ሊጎበኝ መጣ። የተሰለፉት ሴቶች አነሱበት። ግማሾቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ የሌሊት ፈረቃዎቹ ተኝተዋል። ተቆጣና «እንዴት እንደሚመራ የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልክልሻለሁ» አላት። «ጌታዬ፣ ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ በቀር!» አለችው። በጦር ፍርድ ቤት አስከስሳለሁ ብሎ ዛተ። እሷም ቁጭ ብላ የራሷን ክስ ማርቀቅ ጀመረች። የዘር ልዩነትን የሚያጎላ ንግግር የሚከለክል የጦሩ መመሪያ ነበርና እሱን ይዛ። ጄኔራሉ ነገሩን ተወው።

ቁጣዋን አይደለም የማደንቀው፤ ቁጣማ ሁላችንም አለን። መመሪያውን ቀድማ ማንበቧን ነው። እናንተም የቅጥር ውላችሁን አንብቡ፤ ስትፈርሙ ሳይሆን ከመፈረማችሁ በፊት። የሠራችሁትን ቀኑን እየጠቀሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። እኔ ደብተር የጀመርኩት በ50 ዓመቴ ነው።

ደግሞ በሁሉም ነገር አልተጣላችም። ብርዱን ችላለች፣ አይጡንም ችላለች። ቀይ መስቀል ለንደን ውስጥ ለጥቁር ሴቶች ብቻ የተለየ ሆቴል ሲያዘጋጅ ግን እምቢ አለች። ወታደሮቿም አብረዋት እምቢ አሉ፤ አንዲትም እዚያ አላደረችም።

አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሰልፍ የለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ መለያየቱ እንዲቀር ያዘዘው በ1948 ነው። የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ የተፈቀደላቸው በ2022 ነው፤ ከ77 ዓመት በኋላ። አዳምስ በ2002 ሞታለች። ያ ሁሉ ደብዳቤ ይህን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ነበር ማለት ነው።

ከበርሚንግሃም ቀጥሎ ፈረንሳይ፣ ሩዋን ተላኩ። እዚያ ሦስቱ በጂፕ አደጋ ሞቱ። የጦር ሚኒስቴሩ ለቀብር ገንዘብ አልሰጠም። ጓደኞቻቸው አዋጡ፤ ያው እድር ማለት ነው። ቀድሞ አስከሬን የማዘጋጀት ሙያ የነበራቸው ሬሳውን አሰናዱ። ሦስቱም ኖርማንዲ፣ የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ውስጥ አርፈዋል። እዚያ ከ9,000 በላይ ሰው ተቀብሯል። ሴቶቹ አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ የፖስታ ሠራተኞች ናቸው።