«ክላሽ ባለ 5.56» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የያዝኩት የትርጉም ሥራ የአንድን ጠመንጃ ዝርያዎች በካሊበራቸው፣ ማለት በጥይታቸው ልክ፣ እየለየ ይዘረዝራል። «ኤኬ-47 ባለ 5.56» ብዬ ጻፍኩ። አራሚዬ «ክላሽ ሁሉ ክላሽ ነው፣ ቁጥሩን ተወው» አሉኝ። ማናችን ነን ትክክል? 7.62×39 የሚለውስ በአማርኛ እንዴት ይነበባል?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልተሳካላችሁም፤ የእርስዎ ስሕተት ግን ከአራሚዎ ይብሳል። እሳቸው ዝርዝር አስቀሩ፤ እርስዎ ስሙና ጥይቱ የማይተዋወቁ ጠመንጃ ጻፉ። በ«ኤኬ-47» ውስጥ ያለው 47 የጥይት ልክ ሳይሆን ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1947። የሚጎርሰውም 7.62 በ39 የሚባለውን ጥይት ነው።

ዓመት መሆኑ ለተርጓሚ ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ የሚወድ ሰው «በ1939 ዓ.ም. የተነደፈው ኤኬ-47» ሲል አንባቢው 47 ከየት እንደመጣ አያውቅም። በመሣሪያ ስም ውስጥ ያለ ዓመት እንደ እ.ኤ.አ. ይቆይ። በ1959 የመጣው ኤኬኤም «የተሻሻለ» የሚለውን ፊደል ጨመረ እንጂ ጥይቱን አልነካም። ኤኬ-74 ግን የ1974ን ዓመት ሲይዝ ጥይቱንም ወደ 5.45 በ39 ለወጠ። ቁጥርና ጥይት እዚህ አብረው ስለተለወጡ ብዙ ሰው ቁጥሩ ካሊበር ይናገራል ብሎ ደመደመ። አይናገርም። በእርማት ላይ መዘዙ ይታያል፦ 47 እና 74 ቢገላበጡ የጣት ስሕተት ይመስላል፤ የተለወጠው ግን ጠመንጃውም፣ ጥይቱም፣ ካዝናውም ነው።

እርስዎ የፈለጉት ባለ 5.56 ክላሽ የራሱ ስም አለው፤ ኤኬ-101 ይባላል፣ አጭሩ ደግሞ ኤኬ-102። 103ና አጭሩ 104 ወደ 7.62 በ39 ይመለሳሉ። 105 አጭር ሆኖ 5.45 ይጎርሳል። እዚህ ቁጥሩ ዓመትም ካሊበርም አይደለም፣ ተራ ቁጥር ነው፤ ካልተነገረ በግምት አይደረስበትም። የቻይናው ታይፕ 56 ይበልጥ ያሳስታል። 56 ሲታይ 5.56 ይመስላል፤ የሚያመለክተው ግን 1956ን ነው፣ ጥይቱም 7.62 በ39 ነው። በዚያ ላይ ይኸው ስም ኤስኬኤስ ለሚባለው ሌላ የሶቪየት ጠመንጃ ቅጂም ተሰጥቷል፤ ስለዚህ «ታይፕ 56» ብቻ ብሎ ማለፍ የትኛው ጠመንጃ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ቁጥሩ በእርግጥ ጥይቱን የሚናገርበት ቦታም አለ። የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮህ በሁለት አኃዝ ሲሰይም ፊተኛው የመሣሪያውን ዓይነት፣ ኋለኛው ጥይቱን ያመለክታል። ኤችኬ 33 ላይ የኋለኛው 3፣ 5.56 በ45 ማለት ነው፤ ኤችኬ 32 ላይ 2 ሲሆን 7.62 በ39፤ ኤችኬ 21 ላይ 1 ሲሆን 7.62 በ51። ይህ የአንድ ፋብሪካ ደንብ ነው፤ ወደ ሌላው ስም ይዘውት አይሂዱ።

አሁን ወደ አራሚዎ። «ክላሽ» የመንገድ ቃል ነው፣ በጽሑፍ «ካላሽኒኮቭ» ብቻ ይግባ የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። አማርኛ የመጣበትን የጠመንጃ ስም ሁሉ በራሱ አንደበት ሲገራ የኖረ ቋንቋ ነው። ሰናድር ስናይደር ነበር፤ አልቢን አልቢኒ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። ፈረንሳዮች በ«ፉዚል» መጨረሻ ያለውን ል፣ በ«ግራስ» መጨረሻ ያለውን ስ ይጽፏቸዋል እንጂ አያነቧቸውም፤ የእኛ ሰው ደግሞ የሰማውን ያዘ፣ ፉን ወደ ው፣ ዚን ወደ ጅ መለሰ። ፉዚ ራሱ ጠመንጃ ማለት ስለሆነ «የውጅግራ ጠመንጃ» የሚል ሰው ጠመንጃን ሁለት ጊዜ ጠራ። «ጠመንጃ»ም ቢሆን «ጠብ መንጃ» የሚለው ፍቺ ጆሮ ይማርካል እንጂ ሥሩ አይደለም፤ ቃሉ የቱርክኛው «ታባንጃ» ነው፣ በዚያ ቋንቋ ሽጉጥ ማለት ነው። ስለዚህ ክላሽ ይግባ፤ «ታጣፊ ክላሽ» የመሰለ ጥርት ያለ የዝርያ ስም ለወለደ ቃል ክልከላ አይገባውም።

ነገር ግን ክላሽ የወል ስም ነው፤ ጥይቱን አይናገርም። ከማንሊኸር የመጣው ምንሽርም ያው ነው። የማንሊኸር ስም ለኦስትሪያው ባለ 8 ሚሊ ሜትርም፣ ማንሊኸር ካርካኖ ለሚባለው የጣሊያን ባለ 6.5ም ይነገራል። የካርካኖው የ1938 ሞዴልማ በዚያው ስም መጀመሪያ 7.35፣ በኋላ 6.5 ሆኖ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ካሊበሩ ካልተጻፈ ስሙ ብቻውን አይበቃም።

ካሊበሩን ሲጽፉ ደግሞ «ባለ 7.62» ብለው አያቁሙ። ክላሽ 7.62 በ39 ይጎርሳል፣ ጂ-3ና ኤም-14 7.62 በ51፣ ሞሲንና ድራጉኖቭ 7.62 በ54፤ አንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ አይሆንም። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው፣ ማለት ባሩዱን የሚይዘው ቅርፊት፣ ርዝመት ነው፤ «የጥይቱ ርዝመት» የሚለው ትርጉም በበርሜሉ የሚወጣውን አረርም ስለሚጨምር ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ደግሞ የአረሩ ትክክለኛ ውፍረት አይደለም። በበርሜሉ ውስጥ ከተቀረጹት ቦዮች ከፍ ብለው በቀሩት ሸንተረሮች መካከል የሚለካ ነው፤ አረሩ ከዚያ ትንሽ ይወፍራል፣ የክላሹ 7.92 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 7.62 ራሱ 0.3 ኢንች ሲመነዘር ነው፤ ሩሲያ የ1891ዱን ሞሲን «ባለ ሦስት መስመር» ያለችው አንድ መስመር የኢንች አንድ አሥረኛ ስለነበረ ነው።

«ካሊበር» የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ «የጥይት ልክ» ይሻለኛል፤ አጭር ነው፣ የራሳችን ነው። «ካሊበር» ፈረንሳይኛንና ጣሊያንኛን አልፎ ወደ ዐረብኛው «ቃሊብ»፣ ማለት መቅረጫ፣ ይደርሳል። ሆኖም መሣሪያ የሚያውቀው ሁሉ ካሊበር ይላልና ይሁን። «ኤኬ»ንም እንደዚሁ በግድ ተቀብያለሁ። ፊደሎቹ የሩሲያ ናቸው፣ በሩሲያኛ «አ-ካ» ይነበባሉ፤ እንግሊዝኛን አስታከን ኤኬ አልናቸው። «አካ» ለአማርኛ አፍ እጅግ ይቀላል፣ ጸሐፊ ሁሉ ቢመለስበት እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ «አካ-47» ቢጽፉ የሚረዳዎት ጥቂት ነው።

የ× ምልክት ማባዛት አይደለም፤ «ሲባዛ» ብለው የሚያነቡትን አይስሟቸው። ስፋትና ርዝመት ስንናገር «ሦስት በአራት» እንደምንለው «ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት በሠላሳ ዘጠኝ» ይባላል። ዐረፍተ ነገርዎም «ኤኬ-101፣ 5.56 በ45 የሚጎርስ ክላሽ» ተብሎ ይታረም። በ«ኤኬ»ና በቁጥሩ መካከል ጭረት ይግባ፤ «በ» ግን ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ይጻፍ።